የሽጉጥ ምላጭ ስትመርጡ፦ አራቱን ዓይነቶች ጎን ለጎን

ባለፈው ክረምት አዘዞ የሚኖር አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። የመሣሪያ ፈቃዱ ወጥቶለታል። ሁለት ሽጉጥ አይቷል፤ አንዱ ማካሮቭ፣ ሌላው ግሎክ። «የቱን ልውሰድ?» አለኝ። ስለ ዋጋው፣ ስለ ጥይቱ፣ ስለተሠራበት አገር ብዙ አወራኝ። እኔ ግን መጀመሪያ የጠየቅሁት ሌላ ነገር ነው። «እቤት ስንት ልጅ አለ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ሦስት» አለኝ።

ብዙ ሰው ሽጉጥ ሲመርጥ ስሙን ይጠይቃል። ስንት ጥይት እንደሚይዝ ይጠይቃል። ጣቱ ስለሚያርፍባት ብረት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መሣሪያ በባለቤቱ እጅ ሲባርቅ፣ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚያች ብረት ነው። እኔ ብዙ ዓመት የሠራሁት መሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው። አሁን እዚሁ ጎንደር የጥበቃ ሠራተኞችን የመሣሪያ አያያዝ አስተምራለሁ። የጥያቄው ብዛት ነው ይህን ያስጻፈኝ። የየትኛውም ፋብሪካ ወገን አይደለሁም። ስም የምጠራው ሰው የሚያውቀውን ምሳሌ ለማሳየት ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ይህ ጽሑፍ ፈቃድ ላለው ሰው ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መግዛትም፣ መሸጥም፣ መያዝም ወንጀል ነው። ፈቃዱ ከሌለ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ።

በቃላቱም እንስማማ። ጣት የሚስበውን ብረት አንዳንዱ ቃታ፣ አንዳንዱ ምላጭ ይለዋል። ቃታ የሚለውን ለማቀባበያውም የሚጠቀምበት ሰው ስላለ እኔ እዚህ ምላጭ እላለሁ። ጥይቱን ከኋላ የሚወጋው ቀጭን ብረት መርፌ ነው። መርፌውን የሚመታው መዶሻ ነው። ከላይ ወደ ኋላ ተስቦ የሚመለሰው ብረት ተንሸራታቹ ነው። ጥይቱ የሚደረደርበት ካዝና ነው። ጥይት ከካዝናው ወጥቶ በርሜሉ ውስጥ ሲገባ «ጎርሷል» እንላለን።

የአራቱም ዓይነቶች ልዩነት ከአንድ ጥያቄ ይመጣል። ጣታችሁ ምላጩን ሲስብ ስንት ሥራ ይሠራል? የቆመ መዶሻ መልቀቅ ብቻ ነው? ወይስ መዶሻውን ወደ ኋላ መውሰድም ጭምር? ሥራው ሲያንስ ምላጩ ቀላልና አጭር ይሆናል። ሥራው ሲበዛ ይከብዳል፤ ይረዝማል።

በምን እንመዝናቸው?

መጀመሪያ ክብደት። ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ማርና ቅቤ ሲመዘን የሚንጠለጠለውን ባለ መንጠቆ የእጅ ሚዛን አስቡት። መሣሪያው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ መንጠቆውን ምላጩ መሃል ላይ አስገባለሁ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዞራለሁ። ቀስ ብዬ እስባለሁ። ቀጭ ሲል ሚዛኑ ያሳየው ቁጥር የምላጩ ክብደት ነው። 2 ኪሎ ከሆነ ቀላል ነው። 5 ኪሎ ከሆነ ከባድ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሲያዩ ይገርማቸዋል። አንድ ዓይነት የመሰሏቸው ሁለት ሽጉጦች ሚዛን ላይ በእጥፍ ይለያያሉ።

ሁለተኛው ርዝመት ነው። ጣት ምን ያህል ተጉዞ ነው የሚተኮሰው? በእኔ እምነት ርዝመት ከክብደት ይበልጣል። ረጅም ምላጭ ጣት መንገድ ላይ እንዳለ ሐሳብ ለመቀየር ጊዜ ይሰጣል። አጭር ምላጭ ይህን ጊዜ አይሰጥም።

ሦስተኛው፣ የመጀመሪያው ምትና ቀጣዮቹ አንድ ዓይነት ናቸው ወይ የሚለው ነው። አራተኛው መጠበቂያው ነው፤ በእጅ የሚዞር ሴፍቲ አለው ወይስ የለውም? ወደየትኛው አቅጣጫ ነው የሚዞረው? አምስተኛው፣ መሣሪያው ለመተኮስ የተዘጋጀ መሆኑ በዓይን ይታያል ወይ? ስድስተኛው ጽዳት ነው፤ ሽጉጡን ለመፍታት ምላጩን መሳብ ግድ ነው ወይ? ይህን ማንም አይጠይቅም። ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። ሰባተኛው የእጅ መጠን ነው።

እነዚህን ሁሉ ስትመዝኑ የተረጋጋ እጅ አታስቡ። ሰው ሱቅ ውስጥ ቆሞ ምላጭ ሲሞክር እጁ ሰላም ነው። ሲደነግጥ ግን መዳፉ ይጠብቃል፤ ጣቶቹ ሁሉ አብረው ይጨብጣሉ። ግራ እጁ በር ሲይዝ ወይም ሰው ሲገፋ የቀኝ እጁ ጣት ሳያውቀው አብሮ ይሳባል። በክረምት የፒያሳ ቁልቁለት ላይ እግሩ ቢያዳልጠውም ያው ነው። ምላጭ የሚመረጠው ለዚያ እጅ ነው።

አንደኛ፦ ሲንግል አክሽን

መዶሻው ቀድሞ ወደ ኋላ ቆሟል። ምላጩ የሚሠራው መልቀቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀላልና አጭር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 2 ኪሎ ተኩል። ጆን ብራውኒንግ የነደፈውና የአሜሪካ ጦር በ1911 (የሽጉጦቹን ዓመት የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የተቀበለው ኮልት የዚህ አባት ነው። የሶቪየቱ ቶካሬቭ ቲቲ 33፣ በ1935 የወጣው ብራውኒንግ ሃይ ፓወርና እኛ አገር ስማቸው የገነነው የስፔኖቹ ስታር ሽጉጦች ብዙዎቹ ከዚህ ወገን ናቸው።

ለኢላማ ከዚህ የተሻለ ምላጭ የለም። ሁሉም ምት አንድ ዓይነት ነው። ጣት ትንሽ ሲነካው ይለቃል። ጀማሪ እንኳ ወረቀቱ ላይ ጥይቶቹን ሰብሰብ አድርጎ ያሳርፋል።

ጭንቁ አያያዙ ላይ ነው። መዶሻው ቆሞ፣ ጥይት ጎርሶ፣ በሴፍቲ ተቆልፎ ይያዝ? ኮልት 1911 ለዚህ ተብሎ የተሠራ የአውራ ጣት ሴፍቲ አለው፤ መያዣው ላይም በመዳፍ ካልተጨበጠ የማይለቅ ሌላ መጠበቂያ አለው። ግን ይህ አያያዝ ብዙ ልምምድ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ቶካሬቭ ደግሞ በእጅ የሚዞር ሴፍቲ የለውም። ያለው የመዶሻው ግማሽ መቆሚያ፣ ማለትም መዶሻውን መሃል መንገድ ላይ የሚይዘው ጥርስ ብቻ ነው። ብረቱ ባረጀ ሽጉጥ ላይ ያንን መቆሚያ ማመን አይገባም። ቶካሬቭ ያለው ሰው ጥይት ሳያጎርስ ይያዝ። ይህን ስናገር ከአባቱ የወረሰውን ሽጉጥ የሚወድ ሰው ደስ አይለውም። ግን አልመለስበትም።

ሌላው አደጋ መዶሻ በአውራ ጣት ማውረድ ነው። ጥይት ጎርሷል፤ መዶሻው ቆሟል፤ ባለቤቱ ሊያወርደው ይፈልጋል። መዶሻውን በአውራ ጣት ይይዝና ምላጩን እየሳበ ቀስ ብሎ ይለቃል። አንድ ቀን አንድ ተማሪ ይህን በባዶ ቶካሬቭ እንዲያሳየኝ አደረግሁ። ከውጭ ዝናብ መትቶት ገና እጁ አልደረቀም። አውራ ጣቱ መዶሻው ላይ ተንሸራተተ። ቀጭ አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። «ጋሼ፣ ቢጎርስ ኖሮ…» አለና ዝም አለ። አፈሙዙ የት እንደነበር አሳየሁት። የራሱ ጉልበት ላይ ነበር።

ሁለተኛ፦ የመጀመሪያው ከባድ፣ ቀጣዩ ቀላል

ይህ ደብል አክሽን ከሲንግል አክሽን ጋር የተጣመረበት ነው። ጥይት ጎርሶ መዶሻው ወርዶ ይያዛል። የመጀመሪያው ምት ረጅምና ከባድ ነው፤ ጣት መዶሻውን ራሱ ወደ ኋላ ወስዶ ይለቃል። 5 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከተተኮሰ በኋላ ተንሸራታቹ መዶሻውን አቁሞት ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ምላጩ ግማሽ ያህል ይቀላል፤ ያጥራልም።

ጀርመኖቹ በ1929 በዋልተር ፒፒ፣ በኋላም በ1938 በዋልተር ፒ38 ይህን አሠራር አስፋፉት። ሶቪየት በ1951 የተቀበለችው ማካሮቭ የዚያ ቤተሰብ ነው። የጣሊያኑ ቤሬታ 92ም እዚሁ ይመደባል።

እኔ ለአብዛኛው ሰው ወደዚህ አደላለሁ። ምክንያቴን ልናገር። ሽጉጥ ከሚተኮስበት ይልቅ የሚያዝበት፣ የሚነሳበት፣ የሚቀመጥበት ጊዜ በጣም ይበልጣል። አንድ ጥበቃ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥይት ላይተኩስ ይችላል። ሽጉጡን ግን በቀን ብዙ ጊዜ ያወጣል፤ ያስገባል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚጠብቀው ያ የመጀመሪያው ከባድ ምላጭ ነው። ክር ቢነካው፣ ጣት ቢሳሳት፣ እግር ቢያዳልጥ ወዲያው አይለቅም። መዶሻውም ወርዶ ይታያል። በጨለማ እንኳ በአውራ ጣት ዳስሶ ማወቅ ይቻላል። ጥሩው ሽጉጥ መዶሻ ማውረጃ አለው፤ ማንሻውን ሲጫኑት መዶሻው ጥይቱን ሳይወጋ ይወርዳል። የአውራ ጣቱ ቁማር ይቀራል።

ጉድለቱ ሁለት ዓይነት ጣት መጠየቁ ነው። ያልተለማመደ ሰው በመጀመሪያው ምት ምላጩን ሲታገል አፈሙዙ ይወርዳል፤ ጥይቱ ከኢላማው በታች ያርፋል። በሁለተኛው ምት ያንኑ ጉልበት ሲጠቀም ሳያስበው ይለቅበታል። መፍትሔው የመጀመሪያውን ምት ብቻ ደጋግሞ መለማመድ ነው። ብዙ ሰው ግን መዶሻውን አቁሞ በቀላሉ መተኮስ ይወዳል። ወረቀቱ ያምርለታል፤ ከባዱን ምት ሳይለምደው ይቀራል።

ሌላ የማንሳት ግዴታ ያለብኝ ነገር አለ። አንድ ድርጅት ለጥበቃዎቹ ማካሮቭና ቤሬታ ቀላቅሎ ሰጥቶ ነበር። ሁለቱም ጥሩ ሽጉጦች ናቸው። ግን የማካሮቭ ማንሻ ወደ ላይ ሲሆን ይቆልፋል፤ ወደ ታች ሲሆን ያስተኩሳል። በብዙዎቹ ቤሬታዎች ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ወደ ታች ይቆልፋል፤ ወደ ላይ ያስተኩሳል። ጥበቃዎቹ በፈረቃ ይቀያየሯቸው ነበር። አንዱ ቆለፍኩ ብሎ መተኮሻው ላይ አድርጎ አስረከበ። ደግነቱ ተረካቢው አፈሙዙን ወደ አሸዋ ሳጥን አዙሮ መፈተሽ ልማዱ ነበር። ማካሮቭ ላይ ማንሻው ወደ ታች ሲወርድ ቀይ ነጥብ ትታያለች። ቀይ ካያችሁ ይተኩሳል። በሌላ ሽጉጥ ላይ ግን ያንን ምልክት እንዳለ አትውሰዱት።

የማካሮቭን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ሴፍቲው ሲቆለፍ ተንሸራታቹንም ይቆልፋል። ስለዚህ ለማራገፍ ሴፍቲውን መክፈት ግድ ነው። ይህ ደካማ ጎኑ ነው። ጣትን ከምላጩ ማራቅ እዚያ ላይ በእጥፍ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፦ ሁልጊዜ ከባድ

እዚህ እያንዳንዱ ምት እንደ መጀመሪያው ነው። መዶሻው ከምት በኋላ ቆሞ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ የሚዞር ሴፍቲም የለውም፤ መጠበቂያው የምላጩ ርዝመትና ክብደት ራሱ ነው። ከቤሬታ 92 ቤተሰብ እንዲህ የተሠራ አለ። የኒውዮርክ ፖሊስም ለብዙ ዓመታት ወደ 5 ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ምላጭ ያስገድድ ነበር። አሠራሩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ለማስተማር ይቀላል። ከሩቅ በትክክል ለመምታት ግን ጣት ያደክማል። ትንሽ እጅ ያለው ሰው ይቸገራል። እዚህ አካባቢ ስላልበዛ ከዚህ በላይ አልሄድበትም።

አራተኛ፦ ስትራይከር

በዚህኛው መዶሻ የለም። መርፌው ራሱ በሞላ ተገፍቶ ጥይቱን ይወጋል። አሠራሩ ጥንታዊ ነው። ዓለምን ያዳረሰው ግን ግሎክ 17 ነው። ጋስተን ግሎክ ሽጉጥ ከመሥራቱ በፊት የመጋረጃ ዘንግና የወታደር ቢላዋ ይሠራ ነበር። የኦስትሪያ ጦር በ1982 ሽጉጡን ተቀበለው። ሰውነቱ ፕላስቲክ ነው፤ ቀላል ነው፤ ካዝናው 17 ጥይት ይይዛል። ዛሬ በየፋብሪካው የሚወጣው አዲስ ሽጉጥ አብዛኛው ይህን መንገድ ተከትሏል።

ምላጩ መካከለኛ ነው። ክብደቱ 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ከሲንግል አክሽን ይረዝማል፤ ከደብል አክሽን ያጥራል። የመጀመሪያውም አሥረኛውም ምት አንድ ነው። የሚዞር ማንሻ የለውም። መጠበቂያዎቹ ሦስት ሲሆኑ ሁሉም ውስጥ ለውስጥ ናቸው። አንዷ ምላጩ መሃል ላይ ያለችው ትንሽ ምላስ ናት፤ እሷ ካልተጫነች ምላጩ አይሳብም። ሌሎቹ ሽጉጡ ቢወድቅ መርፌው እንዳይሮጥ ይይዛሉ። ሽጉጡ በእርግጥ መሬት ላይ ሲወድቅ እንዳይተኩስ በደንብ ታስቦበታል።

ታዲያ ምኑ ያስፈራኛል? እነዚያ ሁሉ መጠበቂያዎች ምላጩ ሲሳብ አብረው ይከፈታሉ። ምላጩን የሚስበው ጣት ይሁን ክር መለየት አይችሉም።

ይህን ጋቢ ለብሰን ለምንውል ሰዎች ጠበቅ አድርጌ ማለት አለብኝ። አንድ ቀን ጠዋት፣ ብርዱ ሳይለቅ፣ አንድ ጥበቃ ጋቢውን እንደደረበ ሽጉጡን ወደ አፎቱ ሲመልስ አየሁት። አፎቱ ለስላሳ ጨርቅ ነው፤ አፉ ተጨማዷል። የጋቢው ጫፍ ላይ ከሚንጠለጠሉት ክሮች አንዷ አፎቱ ውስጥ ገብታለች። ሽጉጡ ሲወርድ ክሯ ምላጩ ላይ ተጠመጠመች። እሱ «ተያዘብኝ» ብሎ ሊገፋው ነው። «ተው! እጅህን አንሳ!» አልኩት። ቀስ ብለን አወጣነው። ክሯ ምላጩንና የመሃል ምላሱን አንድ ላይ አስራለች። ትንሽ ቢገፋው ጥይቱ ጭኑ ውስጥ ነበር። ስትራይከር የያዘ ሰው ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ አፎት ይግዛ። አፎት ለመግዛት ገንዘብ ካልተረፈው ሽጉጡን ለመግዛት ገንዘብ አልነበረውም ማለት ነው።

ስትራይከርን በዓይን አይቶ ዝግጁ መሆኑን ማወቅም እንደ መዶሻው ግልጽ አይደለም። ሁሉም ስትራይከርም አንድ አይደለም። ግሎክ ላይ መርፌው የሚወጠረው በከፊል ነው፤ ቀሪውን ጣት ይጨርሰዋል። ሲግ ፒ320 ላይ ግን መርፌው አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ ተወጥሯል። ለዚያ ሽጉጥ ፋብሪካው በ2017፣ ሲወድቅ ሊተኩስ ይችላል የሚል ቅሬታ ከተነሳ በኋላ፣ የውስጥ ዕቃ ቅየራ በነጻ አቅርቧል። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ያ ቅየራ ተደርጎለት እንደሆነ ጠይቁ።

አሁን ወደ ስድስተኛው መመዘኛ። ግሎክን ለጽዳት ለመፍታት ምላጩን በባዶው መሳብ ግድ ነው። ሥራው ቀላል ነው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቀላል መሆኑ ነው የሚያዘናጋው። ሰው ደክሞት፣ ማታ፣ ቡና እየተፈላ ሽጉጥ ያጸዳል። ተንሸራታቹን ይስባል፤ ጥይት ትወጣለች። ከዚያ ካዝናውን ያወጣል። ባዶ ነው ይላል። ምላጩን ይስባል። ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል። ተንሸራታቹ ሲመለስ ከካዝናው ሌላ ጥይት አጉርሷል። መጀመሪያ ካዝና ይወጣል። ከዚያ ተንሸራታቹ ይሳባል። ከዚያ በዓይን ይታያል፤ በትንሿ ጣትም ይዳሰሳል። ይህን ቅደም ተከተል እጁ ያለማሰብ የማይሠራው ሰው፣ ለመፍታት ምላጭ መሳብ የማይጠይቅ ሽጉጥ ይምረጥ። ማካሮቭ፣ ቤሬታ 92፣ ቶካሬቭ አይጠይቁም። ከስትራይከሮቹም ፒ320 አይጠይቅም።

በአንድ እይታ

| መመዘኛ | ሲንግል አክሽን | ከባድና ቀላል ጥምር | ሁልጊዜ ከባድ | ስትራይከር |
|---|---|---|---|---|
| ምሳሌ | ኮልት 1911፣ ቶካሬቭ | ማካሮቭ፣ ቤሬታ 92 | ከቤሬታ 92 ቤተሰብ አንዳንዱ | ግሎክ 17፣ ፒ320 |
| የምላጭ ክብደት | 2 – 2.5 ኪሎ | 5 ኪሎ ገደማ፣ ከዚያ ግማሹ | ብዙውን ጊዜ ከባድ | 2.5 ኪሎ ገደማ |
| የምላጭ ርዝመት | በጣም አጭር | ረጅም፣ ከዚያ አጭር | ሁልጊዜ ረጅም | መካከለኛ |
| ምቱ ወጥ ነው? | አዎ | አይደለም | አዎ | አዎ |
| በእጅ የሚዞር ሴፍቲ | በአብዛኛው አለ፤ ቶካሬቭ ላይ የለም | በአብዛኛው ሴፍቲ ወይም መዶሻ ማውረጃ አለ | ብዙ ጊዜ የለም | ብዙ ጊዜ የለም |
| ዝግጁነቱ በዓይን ይታያል? | በደንብ | በደንብ | በከፊል | ያስቸግራል |
| ለመማር | ለመተኮስ ቀላል፣ ለመያዝ ከባድ | ልምምድ ይፈልጋል | አሠራሩ ቀላል፣ ጣት ያደክማል | ፈጣን |
| ስህተት የሚበዛበት | መዶሻ በጣት ሲወርድ | ሁለተኛው ምት ላይ | ኢላማ መሳት | አፎት ሲገባና ሲጸዳ |

ለማን የትኛው?

*ልጆች ላሉበት ቤት።* ከባድና ቀላል ጥምሩን እመርጣለሁ፤ በእጅ የሚዞር ሴፍቲ ያለው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ልጅን ከሽጉጥ የሚያድን ምላጭ የለም። የስድስት ዓመት ልጅ 5 ኪሎ በአንድ ጣት ባይስብ፣ ሽጉጡን አዙሮ በሁለት አውራ ጣቱ ይገፋዋል። ትራስ ሥርና ቁም ሣጥን አናት ማስቀመጫ አይደሉም። ልጅ ወንበር ይጎትታል። የብረት ሳጥን አሠሩና ግድግዳው ላይ እሰሩት፤ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ ይቀመጥ።

*ብዙ ጥበቃ ለሚያሰማራ ድርጅት።* የትኛውንም ምረጡ፤ አንድ ዓይነት ብቻ ግን ይሁን። ሠራተኛ የሚቀያየርበት፣ ሥልጠናው በዓመት አንድ ጊዜ የሆነበት ቦታ ከባዱ የመጀመሪያ ምት ይሻላል። በየወሩ የሚያለማምድ ድርጅት ስትራይከር ቢወስድ አልቃወምም፤ ጠንካራ አፎት አብሮ ከገዛ። መረከቢያው ላይ የአሸዋ ሳጥን ይኑር። አፈሙዙ ወደ አሸዋው ሳይዞር ማንም ሽጉጥ አይፈትሽ።

*ለትንሽ እጅ።* ከተማሪዎቼ አንዷ ጎበዝ ጥበቃ ናት። ቤሬታ 92 ሰጧት። መያዣው ወፍራም ነው። በመጀመሪያው ከባድ ምት ጣቷ ምላጩን የሚነካው በጫፉ ብቻ ነው። እጇን ካላዞረች አይደርስላትም፤ ስታዞር ደግሞ አያያዟ ይበላሻል። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ?» አለችኝ። «የእጅሽ ጥፋት አይደለም፤ ሽጉጡ ነው ያልተለካልሽ» አልኳት። ቀጭን መያዣ ያለው ማካሮቭ ሲቀየርላት ነገሩ ተስተካከለ። ስትገዙ ጨብጡና እዩ። አያያዛችሁ ሳይዛባ የጣታችሁ የመጀመሪያ አንጓ መሃል ምላጩ ላይ ማረፍ አለበት።

*መተማ ለሚወርድ የሰሊጥ ገበሬና ባለሀብት።* እዚያ ሙቀትና አቧራ ነው። አቧራና ዘይት ሲገናኙ ምላጩ ውስጥ ጭቃ ይሆናሉ። ክፍት መዶሻ ያላቸው ሽጉጦች በኋላ በኩል አቧራ ይገባቸዋል። ስትራይከሮች ከኋላ የተዘጉ ናቸው፤ ግን መርፌው የሚመላለስበት ቀዳዳ ዘይት ከበዛበት ይደፈናል። ለሁለቱም መድኃኒቱ ዘይት ማሳነስና ቶሎ ቶሎ መጥረግ ነው። ምላጭን እዚህ ላይ ሁለተኛ ነገር አድርጉት።

*ገንዘቡ ላነሰው፣ ወይም የቤተሰብ ስታር ወይም ቶካሬቭ ላለው።* አዲስ ለመግዛት አትቸኩሉ። ፈቃዱ በስማችሁ ይዙር፤ ሽጉጡን የሚያውቅ ሰው ይፈትሽላችሁ፤ ጥይት ሳይጎርስ ያዙት። የተረፈው ገንዘብ ለልምምድ ጥይትና ለብረት ሳጥን ይዋል። በርካሽ የሚቀርበውን፣ በኬላ ተያዘ ሲባል የምንሰማውን የቱርክ የድምፅ ሽጉጥ ግን አትንኩት። የተሠራው ድምፅ እንዲያሰማ ነው። ብረቱ እውነተኛ ጥይት አይችልም። በርሜሉ ተበስቶ የተቀየረ ከሆነ መጀመሪያ የሚያገኘው የያዘውን እጅ ነው፤ ሕጉም አይፈቅደውም።

ከመክፈላችሁ በፊት

ባዶነቱን በቅደም ተከተሉ አረጋግጡ። ካዝናው መውጣቱን ብቻ አይታችሁ አትመኑ፤ ማካሮቭም ቶካሬቭም ያለ ካዝና ይተኩሳሉ። ሴፍቲውን ቆልፋችሁ ምላጩን ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡ። ከዚያ ጣታችሁን አንሱና ሴፍቲውን ክፈቱ። ሲከፈት መዶሻው ከወደቀ ያ ሽጉጥ ታማሚ ነው፤ መልሱት። መዶሻውን አቁማችሁ ከኋላ በአውራ ጣት ወደ ፊት ገፋ አድርጉት። ከተንሸራተተ አትግዙ። ምላጩን ሳቡና ሳትለቁ ተንሸራታቹን መልሳችሁ ሳቡ፤ ከዚያ ጣታችሁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ምላጩ ተመልሶ ቦታውን ሲይዝ ጣታችሁ ላይ ሊሰማችሁ ይገባል።

ለጣት ልምምድ የ1 ብር ሳንቲም ይበቃል። ባዶውን ሽጉጥ ወደ ወፍራም ግድግዳ አዙሩ። ጥይት በዚያ ክፍል ውስጥ አይኑር። ሌላ ሰው ሳንቲሙን ተንሸራታቹ ላይ ያስቀምጥላችሁ። ሳንቲሙ ሳይወድቅ ምላጩን ሳቡ። ከባዱ ምላጭ ላይ መጀመሪያ ይወድቃል። በቀን አሥር ጊዜ፣ ለሁለት ሳምንት ሞክሩት። ያረጁ ሽጉጦች መርፌያቸው እንዳይሰበር ማስመሰያ ጥይት ይግባላቸው።

ምላጩ ከበዳችሁ ብላችሁ ደግሞ ሞላውን አታስቆርጡ። ሞላ የሚቆርጥ ባለሙያ ነኝ ባይ አይጠፋም። የተቆረጠ ሞላ መዶሻውን አጥብቆ አይመታም፤ ጥይቱ በሚፈለግበት ሰዓት ይከሽፋል። ወይም የምላጩ መያዣ ጥርስ ሙሉ በሙሉ አይነክስም፤ ሽጉጡ በመንቀጥቀጥ ብቻ ይባርቃል። የከበደ ምላጭ በልምምድ ይለመዳል።

የአዘዞው ወዳጄ ማካሮቩን ወሰደ። ሳጥኑን ብረታ ብረት ቤት አሠርቶ በአራት ብሎን ግድግዳው ላይ አስሯል። ባለፈው ቅዳሜ ሚስቱን ይዞ ወደ እኔ መጣ። እሱ በሌለበት ቀን ልጅ ነካካው ቢባል ማን ያራግፈዋል ብሎ አስቦ ነው። ሴፍቲው ተከፈተ፤ ጣቷ ከምላጩ ርቋል። ካዝናው መጀመሪያ፣ ተንሸራታቹ ቀጥሎ፣ ዓይን፣ ትንሿ ጣት። ሃያ ጊዜ አስደገምኳት። ከእሱ ቀድማ ለመደችው።